በፊልም መርከብ የተቀመጥነው ለቅሶ

ለውድ ወንድሜ ለፈንታ፣

እንደምን ከርመሃል? ያ የአሰብ ሙቀት ትንሽ ተወት አደረገህ ወይ? ባለቤትህ ዘርፌስ፣ ሕፃኑስ ጤናቸው እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከአንድ ነገር በቀር ደህና ነን። ያንን አንድ ነገር የምጽፍልህ እየሳቅሁም እየተናደድሁም ነው። ደብዳቤውን የጨርቅ ነጋዴዋ የነፊሳ ባል ሷሊህ በእጁ ስለሚያደርስልህ አፌን አልከለክልም።

ባለፈው ቅዳሜ ፊልም የሚያሳይ መኪና ከተማችን ገባ። ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ አቡጀዴ ተሰቀለና እማዬ ሳትቀር ሁሉም ሜዳው ላይ ተቀመጠ። ፊልሙ በድሮው የዓለም ጦርነት፣ በባሕር ሰርጓጅ መርከብ ውስጥ የሆነ ቀልድ ነው። አዛዡን ስቅታ ይዞታል፤ ጠላት ከላይ ሆኖ ድምፅ ያዳምጣል፤ ወጥ ቤቱ ስቅታው እንዳይሰማ አዛዡ አፍ ውስጥ ዳቦ ይወትፋል። እንባዬ እስኪፈስ ሳቅሁ።

የቀበሌያችን ካድሬ ጓድ አለበል ግን በድምፅ ማጉያ ካላስተረጎምሁ አለ። ያ ሰው እንኳን እንግሊዝኛ፣ አማርኛውንም ከጋዜጣ ገልብጦ ነው የሚናገረው። “ጀግናው አዛዥ በጠላት መርዝ ታፍኖ እየተሰዋ ነው፤ የምትስቁ ተጠንቀቁ” አለን። መርከቢቱ ስትጠልቅማ “ሰጠመች፤ ለሰማዕታቱ የሕሊና ጸሎት” ብሎ ሁላችንንም አስነሣን።

እማዬ አሰብ ያለኸው መርከብ ላይ መስሏት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ “ፈንታዬ፣ ውኃ በላህ” እያለች ደረቷን መታች። ባልቴቶቹም ተከተሏት። “ጓድ፣ ይህች እኮ ጠልቃ የምትወጣ መርከብ ናት፤ ለእናቴ ንገርልኝ” ብዬ ብጠይቀው፣ “ጓዲት፣ የሰማዕታትን ክብር አትንኪ” አለኝ። አፉን ሳይዘጋ መርከቢቱ ብቅ አለች፤ አዛዡም ከነዳቦው ወጥቶ ስቅ አለ። ነፊሳ እማዬን እንዳቀፈች “ጓድ አለበል፣ ሟቹ ዳቦ እየበላ ነው፤ እኛ እስከ መቼ እንቁም?” አለችው። ሜዳው በሳቅ ተናጋ። አሁን ጌታው በደጃችን ሲያልፍ አንገቱን አቀርቅሮ ነው፤ እኔም ሆን ብዬ ደጅ እወጣለሁ።

እማዬ ግን አልሳቀችም። ይኸው መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ እህልም እምብዛም አትቀምስ። “የልጅን መርዶ የሚያረዳው ቀበሌ ነው፤ አለበልም ቀበሌ ነው” ትላለች። ከጎረቤታችን ከነታፈረ ጀምሮ የስንቱን ልጅ መርዶ በእሱ አፍ ስለሰማች ምን ልበላት? መጥተህ ተሳስቼ ነው በላት ብዬ ብለምነው፣ የተነገረ አይሻርም ብሎ መለሰኝ። ደንቆሮ።

አንተ የብስ ላይ ሞተር ጠጋኝ ነህ ብላት አታምነኝም። ድምፁን ካልሰማሁ ነጠላዬን አልፈታም ብላለች። ስለዚህ በሰኔ ሚካኤል ማግስት ጧት ደብረ ታቦር ስልክ ቤት ይዣት እገኛለሁ። አለቃህን ለምነህ ደውል፤ እባክህ አትቅር።

ለዘርፌ፣ ለሕፃኑ፣ አብረውህ ለሚሠሩት ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስ። ባለቤቴ ዋሴና ልጄ ወለላ እጅግ ናፍቀውሃል። እማዬን ሰላምታ ላኪ ብላት፣ ለሞተ ሰው ሰላምታ አይላክም አለችኝ። ስትደውል ራሷ ትሰጥሃለች።

እህትህ ካሰች

መካነ ኢየሱስ፣ እስቴ
ግንቦት ፳፭ ቀን ፲፱፻፸፭ ዓ.ም.