የዓፊያ መህር

ከሚሴ
ጥቅምት 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለበድሩ፣ ጅዳ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ። የዓይኔ ማረፊያ ልጄ፣ ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ጉልበቴም ዝናቡ ካባራ ወዲህ ዝም ብሎኛል። ልጅህ ጀነት ሁለት የፊት ጥርሷ ወልቆ ፎቶ አልነሳም ብላ አስቸግራናለች፤ ስትደውል ፊቷን የምትሸፍነው ኩርፊያ መስሎህ እንዳታዝን። የጨፋ ማሽላ ዘንድሮ ያማረ ነው፤ ወፉን ብቻ አላህ ይያዝልን።

ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርህ እችል ነበር። ግን አንተን አውቅሃለሁ፤ ነገሬን ሳልጨርስ «እማ፣ ቆይ፣ ቆይ» ትለኛለህ፣ ከዚያ ትቆጣለህ፣ ከዚያ ኔትወርክ ሄደ ትላለህ። ወረቀትን ቆይ አይሉትም። ስለዚህ የጎረቤታችን ልጅ ፋሪዳ እረፍቷን ጨርሳ ማክሰኞ ወደዚያ ስለምትመለስ በእጇ ልኬልሃለሁ። ጭኮም አብሬ ልኬያለሁ፤ ደብዳቤውን ጨርሰህ ሳታነብ እንዳትከፍተው።

ከሁሉ አስቀድሜ ይህን ልንገርህ፤ ዓፊያን አልፈታሃትም። ፈታሃት የሚልህ ሰው ካገኘህ ውሸት ነው። ወሬው ከጨፋ ሮቢት ተነስቶ ከሚሴን አዳርሷል፤ ጅዳ ለመድረስም ብዙ እንደማይቆይ ስለማውቅ ልቅደመው ብዬ ነው። አሁን ተረጋግተህ ተቀመጥና ከመጀመሪያው አንብበው።

ክረምት ላይ ዓፊያ የምትሠራበት የገበሬዎች ዩኒየን የሒሳብ ሠራተኛ መደብ አወጣ። እሷ በረዳትነት ስትሠራው የኖረችው ሥራ ነው። ግን ዲግሪ ተጠየቀ፤ የእሷ ደግሞ ሌቭል አራት ነው። የዚያን ቀን ከቢሮ በቀጥታ ወደ ሱቄ መጥታ ሽርጦቹን ታጥፍልኝ ጀመር። ሁሉንም አጣማ አጠፈቻቸው። ዓፊያ ጨርቅ አጣማ የምታጥፍ ሴት እንዳልሆነች ታውቃለህ።

«ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት።

«እማ፣ በርቀት ልማር ብዬ በድሩን ሁለት ጊዜ ጠየቅኩት።»

«ምን አለሽ?»

«ስመጣ ትማሪያለሽ አለኝ።»

ስመጣ ማለት መቼ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። አንተንም አልጠይቅህም።

አንተ የምትልከው ለቤቱ ቆርቆሮና ለጀነት ነው፤ ከዚያ አንዲት ሳንቲም ለትምህርት አላነሳም አለችኝ። ደመወዟ ከአስቤዛ አያልፍም። የእኔም ገንዘብ ሁሉ ጨርቅ ላይ ነው ያለው፤ ባልተሸጠ ጨርቅ ደግሞ የትምህርት ቤት ክፍያ አይከፈልም። ከየት ይምጣ ብዬ ሳወጣ ሳወርድ ሰንብቼ፣ አንድ ቀን ለዱሁር ሰላት ውዱእ ሳደርግ የኒካችሁ ቀን ትዝ አለኝ።

አባትህ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ያቺን ቀይ ጊደር ገዝቶ በምስክር ፊት የዓፊያ መህር፣ ባል ለሚስቱ የሚሰጠው ሀቋ፣ አድርጎ ጠራት። አባቷ ዘይኑም ተቀበለ። ከዚያ ጊደሯ የት ገባች? አጎትህ ዓብዱልመጂድ እያረባ ጥጃዋን ሊካፈል ጨፋ ሮቢት ወሰዳት። ይኸው ላም ሆና ሁለቴ ወልዳለች፤ የመጀመሪያው ጥጃ ለአጎትህ ደረሰው፣ ሁለተኛው ወይፈን የዓፊያ ነው። ዓፊያ ግን ላሟን በዓይኗ አይታ አታውቅም። በእኛ አገር መህር ይጠራል እንጂ መቼ ይሰጣል? ባል ካልሞተ ወይ ካልፈታ ማንም አያነሳው። የእኔም በሬ ነበር ይላሉ፤ ቀንዱን እንኳ አላየሁትም። ታዲያ ሀቋ እዚያ ሣር እየጋጠ እሷ እዚህ ገንዘብ አጣሁ ብላ ሽርጥ ስታጣምም ማየት ምን የሚሉት ነገር ነው ብዬ ወሰንኩ።

ዕቃውን ሳላይ ግን ገንዘብ የማወጣ ሴት አይደለሁም። መጀመሪያ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው የርቀት ትምህርት ኮሌጅ ቢሮ በባጃጅ ሄድን። አስተባባሪው ጨዋ ልጅ ነው። በርቀት ለማስተማር እውቅና ያገኛችሁበትን ወረቀት አሳየኝ አልኩት፤ የሒሳብ ትምህርትን በስሙ ጠርቶ ካልጻፈው እንደማልቀበል ነገርኩት። ዓፊያ በሻሿ አፏን ይዛ ሳቀች። ትሳቅ። አምና የሰልማ ልጅ እውቅና በሌለው ቦታ ተምራ ዲግሪዋ የግድግዳ ጌጥ ሆኖ ቀርቷል። ወረቀቱን አመጣ፤ ዓፊያ አነበበችው፣ እኔም መነጽሬን አድርጌ ደገምኩት። ደህና ነው።

ትምህርቱ እንዲህ ነው። ሞጁሉን ተቀብላ ቤቷ ታነባለች፣ አሳይመንት ሠርታ ታስገባለች፣ በየወሩ አንድ ቅዳሜ ደሴ ሄዳ አስተማሪ ታገኛለች። መንገዱ አስቸጋሪ ከሆነ ቀኑን ያዛውሩታል። መጨረሻ ላይ መንግሥት የሚሰጠው የመውጫ ፈተና አለ። ሥራዋን አትለቅም፤ ጀነትን ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ሱቅ ይዣት እውላለሁ። የዓመቱን በአንድ ጊዜ ለሚከፍል ቅናሽ አለ አለን። እኔም ቅናሹን እንስጥሽ፣ ገንዘቡን ግን በሁለት ጊዜ አምጪ እንዲለኝ ተከራከርኩት። «እማማ፣ ይህ እኮ ሱቅ አይደለም» አለኝ። ሱቅ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው። በመጨረሻ ኃላፊው ጋ ደውሎ እሺ አሰኘልን። ላሟ የሁለት ዓመቱን ትችላለች፤ ወይፈኑ ሲደልብ ሦስተኛውን ይሸፍናል፤ ለቀረው ዓፊያ ከደመወዟ ቁጠባ ጀምራለች። ስሌቱን እሷ ናት የሠራችው፣ እኔ ደግሞ ስህተት ልፈልግበት ሞክሬ አጣሁ።

እንግዲህ ጥፋቱ የተፈጠረው ከዚህ በኋላ ነው። በገበያው ቀን ጨፋ ሮቢት ወረድኩና አጎትህን ከብት ተራው ላይ አገኘሁት። «አካም ጅርታ» ተባባልን፣ ስለ አዝመራው ተጠያየቅን። ከዚያ እኔ እንደ ቀላል ነገር፣ «ዓብዱልመጂድ፣ የዓፊያ መህር ሊሰጣት ነው፤ ላሟን ዛሬ እንሽጥላት» አልኩት። ሰውየው ደነገጠ። ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። ላሟን አምጥቶ በጥሩ ዋጋ አሸጠልኝና ገንዘቡን ሲያስረክበኝ «አላህ የተሻለውን ያምጣ» አለኝ። እኔ ሞኟ አሚን አልኩ። ስለ ትምህርቱ መስሎኝ እኮ ነው። እሱ ግን ሴትን በልጇ ፍቺ ገበያ መሐል አይጠይቋትም ብሎ አፉን ይዞ ኖሯል፤ እንደተለያየን በቀጥታ ዘይኑ ቤት ሄደ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብታይ ትስቅ ነበር። የሰፈሩ ሴት ሁሉ ዓፊያን በመንገድ እያቆመ «አይዞሽ፣ አላህ ያውቃል» ይላታል። አንዷ ወተት ታመጣለች፣ አንዷ ጀነትን አቅፋ እንባዋ ይመጣል። ዓፊያ ጉዳዩ ሁሉ የትምህርቱ መስሏት፣ «እማ፣ ይህ የሒሳብ ትምህርት ይሄን ያህል ከባድ ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ መፍራትም ጀምራ ነበር። እኔም ሰው ለትምህርት እንዲህ ማሰቡ ደስ ብሎኝ ወተቱን ተቀበልኩ።

አርብ ከጁምዓ በኋላ በሩ ተንኳኳ። አጎትህ፣ ዘይኑና ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው። ገቡ፣ ተቀመጡ፣ ዱዓ አደረጉ። ዘይኑ ዓይኑን ከምንጣፉ አላነሳም። አጎትህ ጉሮሮውን ጠርጎ፣

«ዑሙልኸይር፣ የመጣነው ለእርቅ ነው። ልጅቷ ምን አጠፋች?» አለ።

«የምን እርቅ? ከማን ጋር ነው የተጣላችው?»

«በድሩ ፈቷት የለም እንዴ? መህሯን ከፈልሽ እኮ!»

ያን ጊዜ ነው ሁሉም የገባኝ። ወተቱም ገባኝ። ሳቄ አመለጠኝ፤ በሽማግሌ ፊት እንዲህ ስቄ አላውቅም። የኮሌጁን ደረሰኝ አምጥቼ አሳየኋቸው፤ ነገሩን አንድ በአንድ አስረዳሁ። ሽማግሌዎቹም ሳቁ። አጎትህ ብቻ አኮረፈ። «ታዲያ ሰው መህር ሲከፍል ለምን እንደሆነ አይናገርም?» ብሎ ቆጣ አለብኝ፤ እውነቱን ነው። እኔ ደግሞ ሚስት ትዳሯ ውስጥ ሆና ሀቋን መቀበሏ ይህን ያህል ጉድ ያሰኛል ብዬ አላሰብኩም።

ቡና እስኪቀርብ ድረስ ሲነጋገሩ ቆዩና ፍርዳቸውን ሰጡ። ገንዘቡ የዓፊያ ሀቅ ነው፤ እንደፈለገች ታድርገው፣ ማንም አይነካውም። ደሴ መመላለሱ ግን የባሏን ቃል ይፈልጋል አሉ። እኔም በዚህ አልተከራከርኩም። የመጀመሪያው ትምህርት በኅዳር የመጀመሪያዋ ቅዳሜ ነው። ዓፊያም ቃልህ ሳይመጣ አልሄድም ብላለች።

በድሩዬ፣ ለምን እምቢ እንዳልካት አውቃለሁ። ትበልጠኛለች ብለህ ነው። አንተ አሥረኛ ክፍል ላይ ደብተርህን የዘጋኸው ሰንፈህ አይደለም፤ አባትህ ሲታመም ቤቱን ልትሸከም ነው። ያንን የማያውቅ እዚህ ቤት የለም፤ ከሁሉ አብልጣ የምታውቀው ደግሞ ዓፊያ ናት። ጀነት የኤቢሲዲ መዝሙር በዘመረች ቁጥር «አባትሽ ባይሠራ ይሄን አትማሪም ነበር» የምትላት እሷ ናት። እንዲህ የምታስብ ሴት ሞጁል ብትይዝ የምትንቅህ ይመስልሃል? እንዲያውም ስትማር ደስ ብሏት ነው የምትውለው። ትናንት ሱቅ ውስጥ ጥግ ይዛ ስታነብ ደንበኛ ገብቶ እስኪወጣ አልሰማችም። እንደዚያ ደስ ብሏት ካየኋት ቆይቷል። እኔም ደስ አለኝ፤ ደንበኛው ምንም ባይገዛም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። እሱን ልጽፍ ነው መሰለኝ ይህን ሁሉ የጻፍኩት።

ሽማግሌዎቹ ሊነሡ ሲሉ ዘይኑ «ቆዩ» አላቸውና ዓፊያን አስጠራት። አጠገቡ አስቀምጧት፣ «ኢንተላ ኮ» አላት፤ ልጄ ማለቱ ነው። «እኔ ያን ቀን መህርሽን የተቀበልኩት ሰው እንዳይታዘበኝ ብዬ ነበር። ይደርሳታል ብዬ አላሰብኩም። አሁን እጅሽ ገብቷል። ከእንግዲህ እዚህ ቤት የሚያስቀምጥሽ ቀሪ ሂሳብ የለም። ምን እንደምትፈልጊ ራስሽ ተናገሪ።»

ዓፊያ እንደምታውቃት ናት፤ ስትናገር ሰው ዓይን አታይም። ያን ቀን ግን አባቷን ቀና ብላ አየችው።

«መማር እፈልጋለሁ» አለች። «በድሩን መጠበቅም እፈልጋለሁ። ሁለቱንም እችላለሁ። ግን በድሩ አንዱን ምረጪ ካለኝ…»

ብላ ተወችው። ማንም ጨርሺው አላላትም። አባቷም አላላትም፣ እኔም አላልኳትም። አጎትህ ጫማውን ፈልጎ ወጣ።

ልጄ፣ እኔ እናትህ ነኝ። ብትመጣም ብትዘገይም እጠብቅሃለሁ፤ ማንም ምንም ከፍሎ አላስቀመጠኝም። ሚስት ግን እንደ እናት አይደለችም። እስከ ዛሬ የጠበቀችህ ወዳህ ይሁን ወይ ሌላ መሄጃ አጥታ፣ አንተም እሷም በደንብ አታውቁም ነበር። አሁን ታውቃለች። ስለዚህ መልስህን ለእኔ አትላከው፣ ለአጎትህም አትደውል። ለእሷ ደውልላት። «ሂጂ፣ ተማሪ» በላት፤ በራስህ አፍ ትስማው። ያቋረጠችው ንግግር እንዳቋረጠችው ይቅር፤ የምትጨርስበት ቀን እንዳይመጣ አድርግ።

አላህ ጤናህን ይጠብቅልህ፣ ሪዝቅህን ሐላል ያድርግልህ። ክፉ አሠሪና ክፉ ቀን አያግኙህ። ልቤ አንተ ዘንድ ነው፤ አካሌ ግን ሱቅ መክፈት አለበት።

የምትወድህ እናትህ
ዑሙልኸይር

ይህን ደብዳቤ ዓፊያ አላነበበችውም። ምን ብዬ እንደምጽፍ ጠይቃኝ፣ ስለ ማሽላው ነው አልኳት።