ለካሜራው የተሰፋ መጋረጃ

ውድ ወንድምዓለም፣

እንደምን ከረምክ? እኛ ደህና ነን፤ የእማዬም ጉልበት ተሽሏታል። ይህን በስልክ ያልነገርኩህ ስለምታቋርጠኝ ነው። ወረቀት ግን አይቋረጥም፤ ቢያናድድህ እንኳ አጥፈህ አስቀምጠህ፣ ሲበርድልህ ትመለስበታለህ።

ካሜራውን የነቀልኩት እኔ ነኝ እንጂ እማዬ አይደለችም። “ወድቃ ብትቀር ማን ያያታል?” ብለህ ጮህክብኝ፤ ከዚያ ወዲህ ለእሷም ድምፅህን አላሰማሃትም። ፍርሃትህ ይገባኛል። እኔ በሌለሁበት ኩሽና ወድቃ ጎረቤት ያነሳቻት ጊዜ በሩቅ ሆነህ ምን ያህል እንደተንገበገብክ አውቃለሁ። ካሜራውን፣ በስልክ የሚከፈተውን በር፣ ሲጠሩት የሚበራውን መብራት ያስገባህላት በዚያ ጭንቀት ነው። እሷም ወደደችው። ካሜራውን “የልጄ ዓይን” ነበር የምትለው። ከሥራ ቦታህ ሆነህ “እማዬ፣ ሻይሽ በረደ” ስትላት፣ “አንተ ደግሞ ሥራ የለህም?” ብላ ትቆጣህና ቀኑን ሙሉ ስትስቅ ትውላለች።

ግን የእናትህ ሳሎን ሳሎን ብቻ አይደለም። ልብስ ሰፊ ናት፤ ሴቶች እዚያ ልብሳቸውን አውልቀው ይለካሉ። ደንበኛ ስትመጣ ካሜራውን በእጇ ወደ ግድግዳ ታዞረዋለች፤ አንተም ታውቃለህና ከስልክህ መልሰህ አታዞረውም።

እንዳትረሳው ብለህ ለሁሉም አንድ የይለፍ ቃል ሰጠሃት፤ የልጅነት ስምህን፣ ድንቡሼን። ለበሩም፣ ለካሜራውም፣ ለዋይፋዩም። እማዬን ደግሞ ታውቃታለህ። ተራ የምትጠብቅ ደንበኛ ዋይፋይ ስትጠይቃት፣ “ድንቡሼ ብለሽ ጻፊ፤ የበኩር ልጄ ነው፤ ሲወለድ ጉንጩን ብታይው!” እያለች ታሪክህን ትዘረግፋለች። የቤታችንን ቁልፍ ሰፈሩ ሁሉ በኪሱ ይዞ ሲዞር እኛ አላወቅንም።

ባለፈው ሰሞን ማዶ ያለችው ፋርማሲስት የሠርግ ቀሚሷን ልትለካ መጣች። በውስጥ ልብሷ ቆማ እማዬ ወገቧን ስትለካ፣ ካሜራው ከግድግዳው ቀስ ብሎ ወደ እነሱ ዞረ።

“አሁን አይሆንም ልጄ፣ ሰው አለ” አለች እማዬ፣ አንተ መስለሃት።

የማናውቀው የወንድ ድምፅ ሳቀና፣ “ሙሽሪት፣ እስቲ ዞር በይ” አለ።

ልጅቷ ቀሚሱን ስባ ደረቷ ላይ ያዘች። እማዬ ሜትሯን ወርውራ በገላዋ ከለለቻትና “ዓይንህ ይፍሰስ!” ብላ ጮኸች። እኔ ከጓዳ ሮጬ ወጥቼ ገመዱን ነቀልኩት። ልጅቷ እያለቀሰች ሄደች፤ ወሬው ክንፍ አውጥቶ ቀድሟት ሰፈር ደረሰ። ደንበኞች ቀሩ። እማዬ “ቤቴ ገመና ከታች ነበር፤ የሰው ልጅ አዋረድኩበት” እያለች ከማሽኗ ፊት ሥራ ፈትታ ትቀመጥ ጀመር።

ከሁሉ የባሰባት ግን ሌላ ነው። “የልጄ ዓይን እያልኩ የጠራሁትን ነው የረገምኩት፤ ምላሴን በቆረጠው” ትላለች። አንተ መደወል ስታቆም ደግሞ እርግማኑ የደረሰብህ መሰላት። ብነግራት፣ ብምል፣ ብገዘት አላምን አለችኝ።

ካሜራውን ይዤ ወደ ሸጠልህ ባለሱቅ ሄድኩ። “ሁሉንም በአንድ ቁልፍ ቆልፋችሁ ቁልፉን ለመንገደኛ ታድላላችሁ እንዴ?” ብሎ ሳቀብኝ፤ ተናደድኩ፣ ግን እውነቱን ነው። አብረን አስተካከልነው። ደንበኞች አሁን የብቻቸው ዋይፋይ አላቸው። የበሩና የካሜራው የይለፍ ቃል ለየቅል ሆነ፤ በአዲስ ስልክ ሊገባ የሚሞክር ሰው ካለም መጀመሪያ ወደ እማዬ ስልክ የማረጋገጫ ቁጥር ይላካል። ከተገዛ ጀምሮ ያልታደሰው የካሜራው ፕሮግራምም ታደሰ። እማዬ ደግሞ ቀሚሱን ጨርሳ ራሷ ሙሽራዋ ቤት ወሰደችላት፤ ተላቅሰው ታረቁ።

ከዚያ ከቀሚሱ በተረፈው ጨርቅ ለካሜራው ትንሽ መጋረጃ ሰፋችለት፣ ባለ አንድ አዝራር። “የሰው ዓይን እንኳ ይከደናል፤ ይሄ ምን ስለሆነ ነው የማይከደነው?” አለች። ደንበኞች አንድ ሁለት እያሉ መመለስ ጀምረዋል፤ መጀመሪያ መጋረጃውን ያያሉ፣ ከዚያ ልብሳቸውን ያወልቃሉ።

ጠዋት ጠዋት እማዬ ሻሿን አስተካክላ አዝራሩን ትፈታለች። ሻይዋን ይዛ ፊት ለፊቱ ትቀመጣለች። አንድ ሰው በካሜራው ሲያይ የምትበራው ትንሿ መብራት አትበራም። “ሥራ በዝቶበት ነው ያልደወለው” ትለኛለች፣ ሳልጠይቃት።

የካሜራውን አዲስ የይለፍ ቃል እዚህ ላይ አልጽፍልህም፤ እኔም አላውቀውም። ስትመርጠው ፊቴን አስዞረችኝ። “ድምፁን ለማውቀው ሰው ብቻ፣ በአፌ እነግረዋለሁ” ብላለች። እንግዲህ ወንድምዬ ደውልላት። መጀመሪያ ዓይንህ ደህና መሆኑን ንገራት፤ ሌላው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ሻይዋ በርዷል።

የምትወድህ ታናሽ እህትህ