ስሜን ከልቅሶው አውጪው

ወላይታ ሶዶ፣ ነሐሴ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሶልያና
አዲስ አበባ

ሶሊዬ፣ ጤናሽ እንዴት ነው? ጉሮሮሽስ? በስልክ ብነግርሽ «እማዬ ደግሞ፣ ቴአትር እኮ ነው» ብለሽ ስቀሽ ትዘጊዋለሽ። ደብዳቤ ግን መሐል ላይ አይዘጋም። በስተርጅና ፊደል የቆጠርኩት ለዚህ ለዚህ ነው። ሌላ ሰው ይጻፍልኝ ብል ኖሮ ነገሩ ሳይመሽ ገበያ ይደርስ ነበር።

ፈርቻለሁ ልጄ። ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ጓሮ የቦይና ሥር እየቆፈርኩ ሳለ ከመንገዱ በኩል ልቅሶ ሰማሁ። ብዙ ሰው ነው፣ ወደ እኛ ሰፈር ይመጣል። እንደምታውቂው እኛ ዘንድ መጀመሪያ ይለቀሳል፣ ማን እንደሞተ ኋላ ይጠየቃል። እኔም መቆፈሪያዬን ጥዬ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ ደረቴን እየመታሁ በጓሮ ዞሬ ተቀላቀልኳቸው። የገሱባ ዘመዶቻችን ናቸው። አጎትሽ ጌታሁን ከፊት አለ፣ አክስትሽ ሐመልማልም አለች። ዜማውን አወቅሁት፤ እኔው ለእናቴ ያወጣሁት ነው። «ማንን አጣን? ማንን አጣን?» እያልኩ አብሬ ጮህኩ። ከአጠገቤ ያለችው ሴት ፊቷን እንኳ ሳታዞር «እታፈራሁን! የለማን ልጅ እታፈራሁን!» አለችኝ።

እኔን!

ጌታሁን ዞር ሲል አየኝና አጥሩን ተደገፈ።

«እታፈራሁ! እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ቤቴ አይደለም እንዴ? ቦይና እቆፍራለሁ።»

«አልሞትሽም?»

«ማን ገደለኝ?»

«ልጅሽ ናታ! ስታለቅስልሽ በዓይናችን አየን፣ ገሱባ በሙሉ አየ። በዚህ ጭቃ በሞተር ተጭነን መጣን እኮ!»

«እንግዲህ ምን ላድርግ ጌታሁን፣ ለድካማችሁ ብዬ ልሙትላችሁ?»

ሰው ሁሉ በሳቅ ወደቀ። ያ የጸሎት ቤቱ አገልጋይ፣ ጎረቤታችን ቃለሕይወት፣ ስልኩን ይዞ መጣና አሳየን። አንቺ ነሽ። ጥቁር ለብሰሽ፣ ፀጉርሽን ፈትተሽ፣ መድረክ ላይ ተንበርክከሻል። በወላይትኛ ታለቅሺያለሽ፣ ስሜን ከነአባቴ ትጠሪያለሽ። ቆርጠው የለቀቁት ልቅሶውን ብቻ ነው። ቴአትር መሆኑን የሚናገር አንድ ቃል የለበትም፤ ሰው ከሥሩ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» እያለ ጽፎልሻል።

ቀጥሎ ደግሞ ጋዜጠኛ ሲያነጋግርሽ አሳየኝ። «የእናቴን ስም ካልጠራሁ እንባዬ አይመጣም፤ ዳይሬክተራችን ጉልላትም ይኸው ይሁን አለ» ትያለሽ። ጉልላት የእሱን እናት ስም ለምን አላዋሰሽም? አንቺ እንድታለቅሺ እኔ በየቅዳሜና እሑዱ ልሞት?

ስንት ዘመን በሰው ልቅሶ ዜማ አውጥቻለሁ። ከሁምቦም ከዲምቱም ይጠሩኝ ነበር፤ አንቺን አዝዬ እሄድ ነበር። መልኩን ለማላውቀው ሰው አልቅሼ ሰፈር አስለቅሻለሁ። የቤቴን ሰው ስም ግን አንድ ቀን አልተዋስኩም። በሕይወት ያለ ሰው አይለቀስም። ይህን ጀርባዬ ላይ ሆነሽ ሰምተሻል፤ ድምፅሽንም ያገኘሽው ከዚያው ነው። ጋዜጠኛው ሲጠይቅሽ «ከሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን» አልሽው። ይሁን። ከመዘምራን ወጥተሽ የዞኑ ኪነት ቡድን ስትገቢ አባትሽን ማን እንደለመነልሽም ረስተሻል። አዲስ አበባ ሄደሽ፣ በዚያ ሙዚቃዊ ቴአትር እንስራ አዝለሽ ከዘፋኞቹ ኋላ ስታልፊ እንኳ፣ «ልጄ ትጫወታለች» እያልኩ ለሰው አወራ ነበር። አሁን መሪ ተዋናይ ሆነሻል፣ ፎቶሽ በር ላይ ተሰቅሏል ይላሉ። ፎቶሽ ከተሰቀለ ወዲህ ሶዶን አላየሻትም።

ግን ያስፈራኝ ቪዲዮው አይደለም።

ሁሉም ሲስቅ ሐመልማል አልሳቀችም። ፊቷ ቆሜ ዓይን ዓይኔን እያየች ማልቀሷን አላቆመችም። «በቃሽ እንጂ አንቺ ሴት፣ አለሁ እኮ!» አልኳት። የእጄን አንጓ በሁለት ጣቷ ያዘችው፤ ጣቶቿ ዞረው ተገናኙ። «አለሽ፣ አለሽ» አለችኝ፣ እንባዋ ግን ይወርዳል። ሲሄዱም ወደ ኋላ ቀርታ ያዘቀዘቅሁትን ነጠላ ቀና አድርጋ አለበሰችኝ፣ እንደ ሕፃን።

ከዚያ ወዲህ ባጃጆቹ ያንን ልቅሶ ከፍተውት ሲያልፉ ቤት ገብቼ በሩን እዘጋለሁ። ከዘጋሁት በኋላ ደግሞ ብቻዬን መሆኔ ያስፈራኛል፤ ተነስቼ እከፍተዋለሁ።

ስለ እኔ አታስቢ። ያው የሆድ ነገር ነው። እህል እንደ ድሮው አይወርድልኝም፤ ዳጣ በርበሬው እንኳ ሸተተኝ። እዚህ ያየኝ ሐኪም ሐዋሳ ሄደሽ ታዪ ብሎ ወረቀት ሰጥቶኛል። ብቻሽን አትሂጂ፣ ሰው ይዘሽ ሂጂ ነው ያለኝ። ዝናቡ ያባራ ብዬ ትቼዋለሁ። ያንን የላክሽልኝን ሰማያዊ ቀሚስ ከጎንና ከጎኑ አስገብቼ ሰፋሁት። አሁን ልክክ ብሏል።

አሁን የምለምንሽን ስሚ። ስሜን ከልቅሶው አውጪው። ከመጪው ቅዳሜ በፊት አውጪው። የማንም ያልሆነ ስም ፈልገሽ ተኪበት። እንባሽ እምቢ ካለ ያለ እንባ ዝፈኚው፤ ተመልካቹ ያልቅስልሽ፣ እኔ እንደዚያ ነበር የማደርገው። ስሜን ግን አስቀምጪው። እዚያ መድረክ ላይ አትጨርሺው።

ለጊፋታም ነይ። በዓል ሲሆን ቴአትር ቤት ሥራ እንደሚበዛ አውቃለሁ፣ ሁልጊዜ ትነግሪኛለሽ። ዘንድሮ ግን ነይ። ከበዓሉ ቀደም ብለሽ ከመጣሽም ሐዋሳ አብረን ደርሰን እንመለሳለን፤ ከተማውንም ታሳይኛለሽ።

ልጅ ሆነሽ ከትምህርት ቤት ስትመለሺ ከመንገዱ ጀምረሽ «እታፈራሁ! እታፈራሁ!» እያልሽ ትጠሪኝ ነበር። ሰው «እናት በስሟ አትጠራም» ብሎ ሲቆጣሽ እኔም አብሬ እቆጣሽ ነበር፤ ውስጤን ግን ደስ ይለው ነበር። አሁን ስትመጪ እንደዚያ አታድርጊ። ከመንገድ ላይ ስሜን አትጥሪ። ዝም ብለሽ ግቢ፤ በሩን ክፍት አደርገዋለሁ።

እመቤቴ ጉሮሮሽን ከብርድ፣ ስምሽን ከክፉ አፍ ትጠብቅልኝ። በቆምሽበት ሁሉ ወለሉ ይጽናልሽ። ሁልጊዜ «ከዕድሜዬ ቀንሶ ለአንቺ ይጨምርልሽ» እልሽ ነበር። ዘንድሮ ይቅር፣ አልለውም።

እናትሽ
እታፈራሁ ለማ