ለገባ ሁሉ ትነሳ ነበር

ውድ ጌታሁን፣ የኔ ጌትሽ፣

ከተለየኸን ዘንድሮ ሰባት ዓመትህ ነው። እንደምን ነህ ብዬ እንዳልጀምር መልስ የለህም፤ ዝም እንዳልል ደግሞ አላስቻለኝም። እኛ አለን። ይህም መኖር ከተባለ አለን።

ያንን አፓርትመንት ለቀን ሬንተን ከተማ ገብተናል፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ። ሶስና በቁመት አልፋኛለች። እኔ በአማርኛ እጠይቃታለሁ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች። እኔ አሁንም ሲታክ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ፣ እዚያው ሆቴል አልጋ አነጥፋለሁ፤ ወገቤ ግን እንደ ድሮው አይታዘዘኝም። ማታ ማታ በሩን በሁለት ቁልፍ እዘጋለሁ። ምን ሊጠቅምሽ አትበለኝ፣ የዚያኛውም ቤት በር ቁልፍ ነበረው።

እስካሁን ያልነገርኩህ ነገር አለ፤ መናገሩ ከብዶኝ ነው። ሕጉ ወጥቷል። ሳያንኳኩና ማንነታቸውን ሳይናገሩ ሰው ቤት ሰብሮ ለመግባት ፖሊስ ፈቃድ እንዳይጠይቅ፣ ዳኛም እንዳይሰጥ በዚህ ግዛት ተከልክሏል። ኦሎምፒያ ላይ የግዛቱ ምክር ቤት አባላት ተከራክረውበት፣ ድምፅ ሰጥተውበት፣ ገዥው ፈረመበት። አንተ ከሄድክ በኋላ መሆኑ ነው። የዚያን ቀን ያ ታክሲ የሚነዱት ወዳጅህ ጋሽ ተካ ደወሉልኝና እንኳን ደስ ያለሽ ልበልሽ ወይስ እግዜር ያጽናሽ ብለው ተቸገሩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አልኳቸው።

የአፓርትመንቱ ጥገና ሠራተኛ የዕቃ ማጠቢያውን ሊያይ የመጣ ዕለት ትዝ ይልሃል? ምሳ እየበላህ ነበር። ጉርሻህን ሳትውጥ ብድግ አልክለት። ሰውዬው የተቆጣኸው መስሎት ወደ ኋላ አፈገፈገ። እኔ በሳቅ ስሞት፣ ሰው ሲገባ ተጎልቶ የሚያይ ምን ሰው ይባላል ብለህ ተቆጣኸኝ። ደብረ ብርሃን፣ አባትህ ቤት፣ ለገባ ሁሉ ኖር እየተባለ ነው ያደግኸው። ጉልበትህን ያመመህ ጊዜ እንኳ ትንሽ ከፍ ሳትል ቀርተህ አታውቅም። እዚህ አገር ማንም ለማንም አይነሳም እያልኩ ስንቴ አሹፌብሃለሁ።

የዚያን ዕለት ጠዋት ከኤርፖርቱ ፓርኪንግ የሌሊት ሥራህ ገብተህ ሻይህን ይዘህ ተቀምጠሃል። እኔ መኝታ ቤት ለሶስና ጫማዋን እያደረግኩላት ነበር። ያንኳኳ የለም። ቤቶች ያለ የለም። በሩ ተገንጥሎ ሲወድቅ ቀና ብል አየሁህ፤ ግማሽ ተነስተሃል፣ አንድ እጅህ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ አፍህ ሊናገር ተከፍቷል። ምን ልትል እንደነበር እኔ አውቃለሁ። ሳትጨርሳት ፖሊሶቹ ተኮሱብህ። ይፈልጉት የነበረው ሰው ከእኛ በፊት እዚያ ቤት ተከራይቶ የነበረ ነው አሉን።

መዝገባቸው ላይ፣ ድንገት ከወንበሩ ተነስቶ ሊያጠቃን ነበር ይላል። በዚያም ምክንያት ማንም አልተጠየቀም። አንተ፣ ዝንብ ስታባርር እንኳ ይቅርታ የምትጠይቅ ሰው!

ሕጉ ሲረቀቅ ምስክርነት ስጪ ሲሉኝ እሺ ያልኩት ለምን እንደተነሳህ ልነግራቸው ብዬ ብቻ ነው። በወረርሽኙ ምክንያት ሁሉም ነገር በዙም ነበር። ሶስና ኮምፒውተሩን ከፈተችልኝ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ ተቀመጥኩ። ለአንድ ሰው የሚሰጡት ጥቂት ደቂቃ ነው፤ እሷኑ ደግሞ ከአስተርጓሚ ጋር ትካፈላለህ። እኔ እንዳሳደጉኝ ሰብሳቢዋን እንደምን አደሩ አልኩ። የተሰበሰቡትን ሁሉ ጤናቸውን ጠየቅኩ፣ ቤተሰባቸውን ጠየቅኩ፣ ጊዜያቸውን ስለሰጡኝ እግዜር ያክብርልኝ አልኩ። አስተርጓሚው አንድም ሳያስቀር ተረጎመው። ባለቤቴ ሰው አክባሪ ነበር ብዬ ወደ ነገሬ ልገባ ስል፣ ሰብሳቢዋ በትህትና ጊዜሽ አልቋል አለችኝ። ሌላ ሰው ተጠራ።

ሶስና በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ «ማሚ፣ ሰላምታውን ስኪፕ ማድረግ ነበረብሽ» አለችኝ። ልክ ናት። ግን ሰው ፊት ቀርቤ ሰላም ሳልል እንዴት ብዬ እጀምራለሁ?

ሕጉ ለሌላው ሰው ይጠቅም ይሆናል፣ ይጥቀም። አልቃወምም። አንተ ግን መዝገቡ ላይ ዛሬም ፖሊስ ልታጠቃ የተነሳህ ሰው ነህ። ይስተካከልልኝ ብዬ አመለከትኩ፤ ለሐዘንሽ እናዝናለን፣ ጉዳዩ ግን ተዘግቷል አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ማንን እንደምጠይቅ አላውቅም። ጸሎቱም እየጠፋኝ ነው፣ ጌትሽ፤ ተንበርክኬ ምን እንደምለምን ግራ ይገባኛል።

ባለፈው ጋሽ ተካ ሊጠይቁን መጡ። በሩን ስከፍትላቸው ሶስና ሶፋው ላይ እንደተቀመጠች ሁለት እጇን ጭኗ ላይ ዘርግታ ጠበቀቻቸው፤ ንቅንቅ አላለችም። ቅር እንዳላቸው ፊታቸው ላይ ታየኝ።

«ምነው፣ የጌታሁን ልጅ ለሽማግሌ አትነሳም?» አሉ።

እንደዚያ አድርጌ ያስተማርኳት እኔ መሆኔን አልነገርኳቸውም። በር ሲከፈት አትነሺ፣ እጅሽ ይታይ፣ የገባው ማንም ይሁን ማን እያልኩ ነው ያሳደግኳት። ሕጉም ከወጣ በኋላ አልተውኩም። ሕግ ወረቀት ላይ ነው፣ በሩ ጋ የሚቆመው ሰው ነው።

እስካለሁ ድረስ አልረሳህም። ለምን እንደተነሳህ የሚያውቅ ከእኔ ሌላ የለምና፣ ከአፌ አልነጥለውም፤ ለሰማኝ ሁሉ እናገረዋለሁ። ልጅህን ግን አንተን እንድትመስል አላደርጋትም። አባትህ ቢያዩኝ ያፍሩብኛል፣ አንተም ታዝንብኝ ይሆናል። ባለጌ ይበሏት፣ ጌትሽ። ብቻ ትኑርልኝ።

ባለቤትህ ዘነበች