ወለተ ሰንበት የሚለው ክፍል

ደብረ ማርቆስ፣ ጥር 2005 ዓ.ም.

ውድ ልጄ እስከዳር፣

ሙት ዓመትሽ ትናንት በሥርዓቱ ተፈጸመ። ልብሶችሽን በአርባሽ ለነዳያን ሰጥተናል። ኮምፒውተርሽን ግን ለማን እንደሚሰጥ የነገረኝ ስላልነበረ ከሣጥን አስቀምጬው ቆየሁ። ለሰንበት ትምህርት ቤታችሁ መዘምራን ይሁን ብዬ ሰሞኑን ባወጣው አልነሣ አለ። ገበያው አጠገብ ኮምፒውተር ወደምትጠግነው ወደ ፈውዚያ ወሰድሁት።

አዲስ ዊንዶውስ ልትጭንበት ስትጀምር “በዚህ ፓርቲሽን ላይ መጫን አይቻልም” የሚል ጽሑፍ ወጣ። ጮክ ብዬ አነበብሁላት።

“እማማ፣ እንደ ፈተና ተቆጣጣሪ ከኋላዬ አይቁሙብኝ፤ እጄ ይሳሳታል” አለችኝ።

“አንብበሽ ከነካሽ አይሳሳትም።”

ሣቀች። “ይኸውልዎት፣ ዲስኩ እንደ ማሳ ሦስት ቦታ ተከፍሏል። ዊንዶውስ የነበረበት ክፍል ተበላሽቷል፤ ጠባብም ነው። አጥፍቼ ከጎኑ ካለው ጋር ካልቀላቀልሁት አይቀበለኝም።”

“ዕቃው ሁለተኛ እጅ ነው። የፊተኛው ባለቤት ትርፍራፊ ካለ አጥፊው። የእስከዳር ስም ያለበትን ግን እንዳትነኪ፤ የልጄ መዝሙሮች እዚያ ናቸው” አልኋትና ለተዝካርሽ ጌሾ ልገዛ ወጣሁ።

እኛ በተማርንበት ዘመን አሻሚ ዓረፍተ ነገር የጻፈ መዳፉን በማስመሪያ ይመታ ነበር። ይህ የእኔ ዓረፍተ ነገር ግልጽ መስሎኝ ነበር።

ስመለስ ኮምፒውተሩ ተነሥቷል። “እስከዳር” የሚለውን ከፈተችልኝ። የግብርና ቢሮሽ የችግኝ ሰንጠረዦች ናቸው፤ ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ግራር፣ ሌላ የለም።

“መዝሙሮቿስ?”

“መዝሙር አላየሁም” አለችኝ። “በእንግሊዝኛ ፊደል ወለተ ሰንበት የሚል ክፍል ነበረ። የፊተኛው ባለቤት ነው ብዬ አጠፋሁት። እማማ፣ ወለተ ሰንበት ማን ናት?”

የክርስትና ስምሽን ከቤተ ሰብና ከነፍስ አባትሽ በቀር ማን ያውቀዋል? የቢሮሽን በዓለም ስምሽ፣ የቤተ ክርስቲያንሽን በክርስትና ስምሽ ለይተሽ አስቀምጠሻል። በዚህ አልወቅስሽም፤ እኔም ብሆን እንዲሁ ነበር የማደርገው።

“ልጄ ናት” አልኋት። ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጭና ቁጭ አለች።

ከዚያ ቀን ጀምራ የጠፋ በሚፈልግ ፕሮግራም ስትፈልግ ሰነበተች። አዲሱ በላዩ ስለተጻፈበት መዝሙሮቹ አልተመለሱም። ትናንት ከዳሱ ጥግ፣ ከጎረቤት ሴቶች መካከል አየኋት። ካህኑ የክርስትና ስምሽን ሲጠሩ ቀና አለች፤ ወዲያው አንገቷን ደፋች። ሰው ሲበተን ስልኳን ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝ። “ይቺ ብቻ ተረፈች፣ እማማ።”

ጉሮሮሽን ትጠርጊያለሽ። “እማዬ፣ በሩን ዝጊው፤ እየቀዳሁ ነው” ትያለሽ። በሩ ሲዘጋ ይሰማል። እዚያ ላይ ያበቃል።

የዘጋሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ብርዱ ቢገባም ገርበብ አድርጌ ትቼዋለሁ።

ኮምፒውተሩን እሑድ ለመዘምራኑ አደርሳለሁ። ፈውዚያ ክዳኑ ላይ ሁለቱንም ስምሽን ጽፋልኛለች፤ አንድ ፊደል አልሳተችም።

እናትሽ ሥራነሽ፣
በክርስትና ስሜ ወለተ ሐዋርያት