ወርጄ እንድገፋው ስለታዘዝኩት ወንበር

ለመንገድ ዳር ውበትና ለእግረኛ መተላለፊያ ክትትል ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ
ባሉበት

ጥር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ከነሙሉ ጤናዎ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከነሁለት እግርዎ እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። ባለቤትዎና ልጆችዎ፣ ምክትልዎና የምክትልዎ ምክትል፣ እንዲሁም ሰደርያ ለብሰው መንገዱን ከእግረኛ የሚጠብቁልን ሠራተኞችዎ ሁሉ ደኅና ይሆኑ ዘንድ እጸልያለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ከወገቤ በላይ ደኅና ነኝ።

ስሜ ዘርአጽዮን ግደይ ይባላል። ዕድሜዬ ሰባ ስምንት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ከአሰብ ወደብ እስከ አዲስ አበባ ተሳቢ ያለው የጭነት መኪና ነድቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ከሲኤምሲ ሚካኤል ወረድ ብሎ ባለው መንደር ነዋሪ ነኝ። ትምህርት ቤት የገባሁት ልጄን ለማስመዝገብ ብቻ ነው። ማንበብና መጻፍ የተማርኩት ወደብ ላይ ጭነት ስንጠብቅ፣ ጋቢና ውስጥ፣ ከአሮጌ ጋዜጣ ነው። ስለዚህ በጽሑፌ የአክብሮት ጉድለት ቢያገኙ ባለመማሬ ያሳብቡት፤ የቀረውን ግን አስቤበት ነው የጻፍኩት።

አስቀድሜ ስለ መንገዱ አመሰግናለሁ። ይህን ስል አልቀልድም። በደጃችን ያለፈው የእግረኛ መንገድ ሰፊ ነው፣ ልስልስ ነው፣ መብራትና አግዳሚ ወንበር አለው። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ በዚያ ቦታ ጭቃ ስናቦካ ኖረናል። ያኔ እግር ነበረኝ፤ መንገድ አልነበረም። አሁን መንገዱ መጣ፤ እግሬ ሄደ።

ዳሌዬና ጉልበቶቼ ከተበላሹ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። በከዘራ ሠላሳ እርምጃ እሄዳለሁ፤ ሠላሳ አንደኛው ላይ የሚይዘኝ ሰው ያስፈልገኛል። ልጄ ሉዋም ሰው የሚገፋው ወንበር እንግዛ ብላ ነበር፤ ዕድሜዬን በሙሉ መሪ ይዤ ኖሬ አሁን ከኋላዬ ሌላ ሰው አይነዳኝም አልኳት። ተጣላን፤ ሁለት ሳምንት አልተነጋገርንም። በመጨረሻ ስኩተር የሚሉትን ነገር ፈልጋ አገኘች። አይተውት እንደሆነ አላውቅም፤ ወንበር ነው። አራት ትንንሽ ጎማ፣ አንድ መሪና አንድ ባትሪ አለው። ፍጥነቱ ለገበያ ከምትነዳ ፍየል አይበልጥም።

አትላስ አካባቢ የሕክምና ዕቃ የሚሸጥና የሚያከራይ ቢሩክ የሚባል ጨዋ ሰው አለ። እሱ እንደነገረኝ ወንበሩን መግዛት ሦስት መቶ ሠላሳ ሺህ ብር፣ መከራየት ደግሞ በወር አሥራ አምስት ሺህ ብር ነው። እዚያው ቆሜ አካፈልኩት፤ ሃያ ሁለት ወር መጣ። ነገሩ ከዚያ በኋላ የብር መሆኑ ቀረ። ከሃያ ሁለት ወር በላይ የሚኖር ሽማግሌ ቢገዛ ይሻለዋል፤ ከዚያ በፊት የሚሞት ቢከራይ ይሻለዋል። ይህን ጮክ ብዬ ስናገር ሉዋም «አባዬ፣ እንደሱ አይባልም!» ብላ ፊቷን አዞረች፤ ቢሩክም ጣሪያውን ያይ ጀመር። እኔ ግን የሚሸጥ መኪና ዞሮ እንደሚያይ ሰው ራሴን ዞሬ አየሁት። ሞተሩ ያጨሳል፣ ጎማው አልቋል። ሃያ ሁለት ወር አልሰጠሁትም። ስለዚህ ተከራየሁ።

አሥራ ዘጠኝ ቀን ነዳሁት። ብቻዬን ሄጄ ፀጉሬን ተስተካከልኩ። ብቻዬን ዳቦ ገዛሁ፤ ዳቦው የትናንት ስለነበር ብቻዬን ተጨቃጨቅሁ። ሰው ሳያዝን፣ ሰው ሳይደግፈኝ ተጨቃጭቄ ስመለስ የተሰማኝን ደስታ ለእርስዎ ማስረዳት አልችልም።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ፤ ጽሕፈት ቤትዎ ቁጥር የሌለውን ነገር እንደማይመለከት ተነግሮኛል።

1ኛ. ወንበሩን ከመከራየቴ በፊት፣ በመስከረም ወር፣ በእግረኛው መንገድ ላይ መንዳት እችል እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቄያችሁ ነበር። በኅዳር ወር «ጉዳዩ በጥናት ላይ ይገኛል» የሚል፣ ማኅተም ያረፈበት መልስ ደረሰኝ። ማኅተሙ በጣም ግልጽ ነበር፤ አመሰግናለሁ። የጥናት ቡድኑን ለማገዝ ያህል፣ የሚጠናው ነገር አንድ ሽማግሌና አንድ ወንበር ብቻ መሆኑን በትሕትና ላስታውስ እወዳለሁ።

2ኛ. በአስፋልቱ ዳር ስሄድ ትራፊክ ፖሊስ ሰሌዳና የሦስተኛ ወገን መድን የሌለው ነገር አስፋልት ላይ አይወጣም አለኝ፤ ልክ ነው። በብስክሌቱ መስመር ስሄድ የእናንተ ሠራተኛ ፔዳል የሌለው እዚህ አይገባም አለኝ፤ ይህም ልክ ይሆናል። በእግረኛው መንገድ ላይ ደግሞ ሞተር ያለው አይነዳም ተባልኩ። የቀረኝ ሰማዩ ነው፤ እሱንም የቦሌ አውሮፕላኖች ቀድመው ይዘውታል። መንጃ ፈቃድ አለዎት ወይ ተብዬም ተጠይቄያለሁ። አዎን፣ አለኝ። ይህ ወንበር ተገልብጦ ሊጫንበት የሚችል መኪና፣ ከነተሳቢው፣ በባቲ ጠመዝማዛ ያወረድኩበት መንጃ ፈቃድ ነው።

3ኛ. ስለ ታኅሣሥ 9 ቀን፣ ሐሙስ።

እዚህ ላይ ዓብዱ ማን እንደሆነ መናገር ግድ ይለኛል። ዓብዱ ባቲ ላይ መኪናዬ ላይ ሲሳፈር የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር፤ ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ረዳቴ ሆነ። በረሃ ላይ ከእኔ በፊት ውሃ አይጠጣም ነበር። የስግደት ሰዓቱ ሲደርስ ያስቆመኛል፤ እኔም ሞተር ሳላጠፋ፣ ስለሚባክነው ነዳጅ እየተነጫነጭኩ እጠብቀዋለሁ። በኋላ እዚሁ ሰፈራችን የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ከፈተ። እድራችን አንድ ነው። እኔ ስጾም እሱ ቤት ዘይት የገባበት ብቻ ይቀርብልኛል፤ እሱ ሲጾም እኔ ቤት በቀን ማሰሮ አይጣድም ነበር። ሲታመም በዚያ ወንበር እየሄድኩ በየቀኑ እጠይቀው ጀመር፤ እሱም በመስኮት ሲያየኝ «ጋሼ፣ ተሳቢውን የት ጥለኸው መጣህ?» ይለኝ ነበር።

ያን ቀን ጎሕ ሲቀድ ልጁ ሱፍያን ደወለልኝ። አባዬ ሄደ፤ ከቀትር ስግደት በፊት ከቤት እናወጣዋለን አለኝ። የሙስሊም ቀብር አይዘገይም። ከቤቴ እስከ ዓብዱ ቤት ስድስት መቶ ሜትር ነው። ታክሲ ለምን አልጠራህም ይሉኝ ይሆናል። ጀናዛ የሚወጣው በትከሻ ነው፤ ተከታዩም በእግሩ ይከተላል። እኔም እንደማንኛውም ሰው ከኋላው ልከተል ነበር፤ እግሬ ያ ወንበር ነው። ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለብሼ ወጣሁ።

ግማሽ መንገድ ላይ ሁለት ሠራተኞችዎ አስቆሙኝ። አንደኛው «አባባ፣ ይሄ የእግረኛ መንገድ ነው» አለኝ። ለቅሶ እየሄድኩ መሆኑን ነገርኩት። «ነፍስ ይማር» አለ፤ ወዲያውም «ግን ሞተር አለው። ወርደው እየገፉ ይለፉ» አለኝ። ለካ በመመሪያችሁ ለሞተር ብስክሌት የተጻፈው እንዲያ ነው። ወርጄ መግፋት ብችል ኖሮ እዚህ ላይ ምን አስቀመጠኝ ስለው፣ ጓደኛው ጣልቃ ገባና «ፋዘር፣ እኛ እኮ መመሪያ አናወጣም» አለኝ። እውነቱን ነው። መመሪያ የሚያወጣ ሰው ፀሐይ ላይ አይቆምም።

እኔም በበኩሌ ክፉ ተናግሬያለሁ፤ አልክድም። ልጆቹ ግን ክፉ አልነበሩም። ብብቴን ደግፈው፣ እንደ ዕንቁላል ተጠንቅቀው አነሡኝና እናንተ ባስቀመጣችሁት አግዳሚ ላይ አኖሩኝ። ከዚያም ወንበሩን በመኪና ጭነው ለሚ ኩራ ጫፍ ላይ ወዳለው ግቢያችሁ ወሰዱት። ከዘራዬ ከወንበሩ ጎን እንደታሰረ አብሮ ሄደ፤ ይህን ያስተዋልኩት መኪናው ከታጠፈ በኋላ ነው። ሁለቱ ልጆች ግን አጠገቤ ቀሩ።

ወደ ሱፍያን ደወልኩ፤ በዚያ ሰዓት ማን ስልክ ያነሣል? አላነሣም። ቆይቶ ጀናዛው ከቅያሱ ወጥቶ በፊት ለፊቴ መጣ። ክቡር ሆይ፣ በአገራችን አስከሬን ሲያልፍ መንገደኛ ሁሉ እንደሚቆም እርስዎም ያውቃሉ። ሃይማኖቱ አይጠየቅም፤ ዘመድነቱም አይጠየቅም። ሎተሪ አዟሪው ቆመ፣ አበባ የምታጠጣው ሴት ቧንቧውን ጥላ ቆመች፣ ሁለቱ ሠራተኞችዎም ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። እኔ አግዳሚውን ተመርኩዤ ሁለት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሁለት ጊዜ ተመልሼ ወደቅሁ። ዓብዱ ሲያልፍ ከዚያ መንገድ ሁሉ ተቀምጦ የቀረ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሱፍያን ራሱ መጥቶ በመኪናው ወሰደኝ። የዓብዱ ባለቤት ፈሂማ አልወቀሰችኝም። እኔን ጥበቃ ጀናዛውን ደጅ ላይ አሥር ደቂቃ አስቁማው እንደነበር የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው። ማዘግየት እንደማይወደድ እያወቀች፣ ሽማግሌዎቹ እየተቆጧት፣ «ጋሼ ዘርአጽዮን ሳይመጣ አይወጣም» ብላ ነበር። ለዚህ ቅሬታ ምን መፍትሔ እንደምጠይቅ አስቤ አጣሁ። ቅጻችሁ ላይ «የሚፈልጉት መፍትሔ» የሚለውን ቦታ ባዶ ትቼዋለሁ።

4ኛ. ወንበሩ በግቢያችሁ አሥራ አንድ ቀን ቆየ። የእነዚያን ቀናት ኪራይ ለቢሩክ የከፈልኩት እኔ ስለሆንኩ፣ ለጽሕፈት ቤትዎ ወንበር ተከራይቼ የሰጠሁ መሆኑን ይመዝግቡልኝ። በደንብም ተገልግላችሁበታል፤ የመቀመጫው ከፍታ ለረጅም ሰው ተስተካክሎ፣ መደገፊያው ላይም የደረቀ ሽሮ ይዞ ነው የተመለሰልኝ። ቢሩክም ወንበሩን ሲረከበኝ «ጋሼ፣ ከእንግዲህ ላከራይዎ አልችልም፤ ዕቃዬ እኮ ታስሮ ነው የተፈታው» አለኝ። አልፈርድበትም።

ስለዚህ መከራየት ቀርቷል። የቀረኝ መግዛት ነው፤ እሱም ውሳኔ አግኝቷል። ሁለቱን የጓሮ ክፍሎቼን የተከራዩትን ሰዎች የዓመት ኪራይ አስቀድመው እንዲከፍሉኝ ጠየቅሁ፤ ሉዋም የጎደለውን ሞላች። ወንበሩ ከትናንት ጀምሮ በስሜ ነው። ዳሌዬ አልዳነም፣ ሐኪሙም አዲስ ነገር አልነገረኝም። ነገር ግን ሃያ ሁለት ወር ለመኖር ምክንያት ሳጣ ምክንያት ሰጥታችሁኛል። ከወጪው ሳልተርፍ አልሞትም። ዕድሜዬን ስላራዘማችሁልኝ እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

ሰኞ ጥር 18 ቀን የዓብዱ የአርባ ቀን ሰደቃ ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ከቤቴ እነሣለሁ። በእግረኛው መንገድ፣ በመካከሉ፣ በፍየል ፍጥነት እሄዳለሁ። ፈቃድ እየጠየቅሁ አይደለም፤ ፈቃድ መስከረም ላይ ጠይቄያለሁ። ሠራተኞችዎ እንዳይቸገሩ ብዬ ነው ሰዓቱን የማሳውቀው። እንደ ባለፈው ሊያወርዱኝ ቢፈልጉ፣ አግዳሚው ላይ አልቀመጥም፤ መንገዱ ላይ ተኝቼ እጠብቃለሁ። የተኛ ሽማግሌ ሞተር የለውም፤ በየትኛው አንቀጽ እንደሚነሣ እናያለን።

በመጨረሻም ጥናታችሁ በድል እንዲጠናቀቅ፣ መንገዳችሁ እንደ ጸዳ እንዲኖር፣ ወንበርዎም ምንም ሞተር ሳይገጠምለት ከፍ ከፍ ብሎ ወደ ላይ እንዲወስድዎ እየተመኘሁ፣ ለክብርዎ ዝቅ ብዬ፣ ከዚህ በላይ ዝቅ ማለት ስለማልችል ተቀምጬ እሰናበታለሁ።

ዘርአጽዮን ግደይ
የቀድሞ ሹፌር፣ የአሁን ያልተመደበ ተሽከርካሪ

በደብዳቤው ግርጌ የተጨመረ፦ ባለፈው ሰኞ ከጽሕፈት ቤትዎ ደጃፍ ላይ ከመኪናዎ ሲወርዱ አይቼዎታለሁ። የበሩን ጠርዝ ይዘው ትንሽ ቆሙ፤ ቀኝ ጉልበትዎን አሸት አሸት አደረጉና ሰው ያየኝ ይሆን ብለው ዙሪያዎን ተመለከቱ። አይስጉ፣ ከእኔ በቀር ማንም አላየም። የእኔም የጀመረኝ በቀኙ ነው፤ ወደ ግራው የተሻገረው በሁለተኛው ዓመት ነው። ገና ወጣት ነዎትና ማካፈልም አያስፈልግዎትም፤ አይከራዩ፣ ይግዙ። የት እንደሚነዱት ግን ወንበርዎ ላይ እያሉ ቢወስኑት ይሻልዎታል።