ያልታሰረው ዳቦ የአንቺ ነው

እምዬ፣

ሰላም ልበልሽ ወይስ ልክሰስሽ፣ አላወቅሁም። ጥለሽኝ የሄድሽው ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ መንገዱን ቆርጦ ወደ ጎንደር መኪና በማያልፍበት ሰሞን ነበር። ወባው አንቺን ሲያንቀጠቅጥሽ መድኃኒቱ ጭቃ ውስጥ ተይዞ ቀረ። ያን ጊዜ ቡቃያ የነበረው ሰሊጥ አሁን እየታጨደ ነዶው በየእርሻው እየቆመ ነው። እስከዛሬ ያልጻፍኩልሽ ረስቼሽ አይደለም፤ እጄ ከሊጥ ወጥቶ ስለማያውቅ ነው።

የቤቱን ወሬ ልንገርሽ። ፉርኖሽ አልጠፋም። አባዬ በርሜሉን በጭቃ ለስኖ የሠራልሽን የዳቦ መጋገሪያ ፉርኖ ክረምቱ ጎኑን ሰንጥቆት ነበር፤ ጭድና ጭቃ አቡክቼ እኔው ደፈንኩት። ስንዴ ሲጠፋ እንደ አንቺ ማሽላ እቀላቅላለሁ። የአንቺን ያህል አይነፋልኝም፤ ቢሆንም ይበላል።

ወደ ማስተማሩ አልተመለስኩም። የኅብረት ሱቁ ዱቄት ሌሊት ወደ ማን ቤት እንደሚሄድ በስብሰባ ላይ ስለጠየቅሁ የቀበሌው ሊቀ መንበር እንዳባረረኝ ታውቂያለሽ። ያን ቀን «ምላስሽ ደሞዝሽን በላው» ብለሽ ተቆጣሽኝ። በማግስቱ ግን ለጎረቤታችን ለእትዬ ዘነበች «ልጄ እውነቷን ነው» ስትያት ከጓዳ ሆኜ ሰምቼሻለሁ። ከዚያ ወዲህ ጎብጬ አልሄድኩም።

የሚያሳፍረኝን ደግሞ ልንገርሽ። አርባሽ ሲደርስ ተዝካርሽን አላወጣሁም። ፈቃድ ልጠይቅ ቀበሌ ብሄድ ሊቀ መንበሩ «ድግስ ኋላ ቀርነት ነው። ዱቄት ለሚሠራ እንጂ ለሞተ አይታደልም» ብሎ መለሰኝ። እትዬ ዘነበች በር ለበር እየተያየን እንኳ አታናግረኝም ነበር። ለእናቷ ነፍስ አንድ ቁራሽ ያልሰጠች ጋጋሪ ብላ ለሰው አውርታለች አሉ።

አጨዳው ሲደርስ ሌላ ጣጣ መጣ። አንቺ ባለሽ ጊዜ ዳቦ ማደል ሥራ አይመስልም ነበር። ከየአገሩ ለአጨዳ የሚመጡት ደንበኞችሽ ገና ደጁን ሳይረግጡ በድምፃቸው ትለያቸዋለሽ። «አንተ የጎጃሙ፣ ጉንፋንህ ተሻለህ?» ትያለሽ፤ ዳቦው ከእጅሽ ወደ እጁ ይሄዳል። ማን ስንት እንዳዘዘ በሆድሽ ነው የምትይዢው። እኔ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩት ልጅሽ ግን ፊታቸውን እንኳ መለየት አቃተኝ። ሰዓት እላፊው እንዳበቃ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይመጣሉ። ትራክተሩ ተሳቢውን አስከትሎ ከወዲያ ጥሩምባውን ይነፋል፣ እነሱ በሩን ይገፋሉ፣ ጎጃሞቹ የወሎዬዎቹን ዳቦ ይዘው ይሮጣሉ። ያልደረሰው በባዶ ሆዱ በዚያ ፀሐይ ሲያጭድ ይውላል።

ሊቀ መንበሩ ይህን ይጠብቅ ነበር። አንድ ጠዋት ጠመንጃ ከያዘ የቀበሌ ጥበቃ ጋር መጣና «ይህ ስብሰባ ነው። ያለ ፈቃድ መሰብሰብ ክልክል መሆኑን አስተማሪ ነበርሽና ታውቂዋለሽ። ሁለተኛ እዚህ በር ላይ ሰው ተከማችቶ ካየሁ ፉርኖውን አሽገዋለሁ» አለኝ። ፉርኖው ከታሸገ የምበላው የለኝም። ቤትሽን ዘግቼ ጎንደር ዘመድ ጋር ልጠጋ ነው። እሱም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

አልሄድም አልኩ። ግፊያው የሚመጣው ሁሉም ከእኔ እጅ ስለሚቀበሉ ነው ብዬ አሰብኩ። እኔ ዘወር ብል፣ ዳቦው አስቀድሞ ተደርድሮ ቢጠብቃቸው፣ ሁሉም የየራሱን አንሥቶ ይሄዳል። ጠረጴዛሽን አውጥቼ ደጁ ላይ ከኒም ዛፏ ሥር አቆምኩ፣ በነጭ ጨርቅ ሸፈንኩ፣ ትኩሱን ዳቦ በየረድፉ ደርድሬ የሁለተኛውን ዙር ላወጣ ገባሁ።

እስቲ አስቢው እምዬ። ሐዘን ቤት ነው። ጥቁር የለበሰች ልጅ በማለዳ ደጇ ላይ ዳቦ ደርድራ ገባች። ይህን ያየ የመተማ ሰው ምን ይላል? ተዝካር ይላል እንጂ።

በኋላ እንደነገሩኝ፣ ውኃ የሚቀዱት በሉ። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱት በሉ። ጀለቢያ የለበሰ አንድ ሱዳናዊ ነጋዴ እንኳ በቋንቋው «አላህ ይርሐምሃ»፣ ነፍሷን ይማር፣ ብሎ ግማሹን በልቶ ግማሹን ኪሱ ከተተ። የሊቀ መንበሩ ሚስት ለቤቷም ጨምራ ወሰደች። እኔ ሁለተኛውን ዙር ይዤ ስወጣ ጠረጴዛው ላይ የቀረው ፍርፋሪ ነው። እትዬ ዘነበች እንባ አቅርራ አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ። «አበጀሽ ልጄ። ዘግይተሽም ቢሆን አወጣሽላት። ትንሽ ጨው አንሶታል እንጂ» አለችኝ። ምን ልበላት? የደንበኛ ዳቦ ነው ልበላት?

ወዲያው አጫጆቹ ደረሱ። የወሎዬዎቹ አለቃ ሰይድ ጠረጴዛውን አየና «የኛስ የታለ?» አለኝ። ለእናቴ ነፍስ ተበላ አልኩት። እሱም «እንግዲህ እኔም ነፍስ ይማር እላለሁ። በባዶ ሆድ የተባለ ይሰማ እንደሆነ አላውቅም» አለ። ሌሎቹ ግን መጮህ ጀመሩ። ሁለተኛው ዙር ለግማሾቹም አልበቃ። ሊቀ መንበሩ ከሩቅ ቆሞ አየና «ነገ ጠዋት እመጣለሁ» ብሎ ሄደ።

ያን ቀን ጠረጴዛውን ሳጥብ ሳቅም እንባም መጣብኝ፤ ከዚያ ተናደድኩ፤ ከዚያ ማሰብ ጀመርኩ። ሰዎቹ አልተሳሳቱም። የተሰጠ ዳቦና የታዘዘ ዳቦ መልኩ አንድ ከሆነ በምን ይለዩት? ሰይድ ስንቁን ሁልጊዜ በሽርጡ ቋጥሮ እንደሚሄድ ትዝ አለኝ። የሰው ስንቅ በሰው ጨርቅ ተቋጥሮ ሲታይ የሚነካው የለም። ለነዳያን ደግሞ በሌላ ሰው ጨርቅ ቋጥሮ የሚሰጥ የለም።

አመሻሽ ላይ ከእርሻ ሲመለሱ ተሳቢው የሚቆምበት ሄጄ ጠበቅኋቸው። አብሮ የሚበላ ቡድን ሁሉ አንድ ጨርቅ ያምጣ፣ ስንት ዳቦ እንደሚፈልግ አሁን ይንገረኝ፣ ጠዋት አንድ ሰው ብቻ ይላክ አልኩ። ወሎዬዎቹ ሽርጥ ሰጡኝ። ጎጃሞቹ ከአረንጓዴ ቁምጣ የተረፈ ጨርቅ አመጡ። ከአብርሃ ጅራ የመጡት የስኳር ጆንያ ወረወሩልኝ። «መምህርት፣ ጨርቃችንን ደግሞ ለተዝካር እንዳታወጪብን» ብለው ሳቁብኝ። ይሳቁ። ከዚያ መጥረቢያ አንሥቼ የማድ ቤቱን የጀርባ ግድግዳ፣ ትራክተሩ በሚቆምበት በኩል፣ ከሁለት እንጨት መካከል ጭቃውን አፍርሼ መስኮት አወጣሁ። ይቅር በይኝ፣ የለሰንሽው ግድግዳ ነው።

በማግስቱ ሊቀ መንበሩ ከጠመንጃ ያዡ ጋር ሲመጣ ደጁ ላይ ዶሮ እንኳ አልነበረም።

«ሕዝቡ የታለ?» አለኝ።

ስንቁን ይዞ ሥራ ገባ አልኩት። እኔን ትቶ ወደ ጀርባ ዞረና የዘገዩት ጎጃሞች ገና ያልወሰዱትን ቋጠሮ መስኮቱ ላይ አግኝቶ ፈታው። ወረቀት ወይም ጥይት ጠብቆ ይሆናል። ዳቦ ነው። በማን ፈቃድ መስኮት እንደከፈትኩ ጠየቀኝ። በእናቴ ፈቃድ አልኩት። እናትሽ ሞታለች አለኝ።

«አውቃለሁ ጓድ ሊቀ መንበር» አልኩት። «ተዝካሯን የከለከሉኝ እርስዎ ነዎት። ትናንት ቤትዎ የቀረበልዎት ዳቦም የእሷ ተዝካር ነበር። ነፍስ ይማር ብለውላታል?»

ጠመንጃ ያዡ ሳቁን ሊደብቅ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሊቀ መንበሩ ቋጠሮውን መልሶ እንኳ ሳያስር «እናያለን» ብሎ ሄደ።

ተሸንፏል ብዬ አልዋሽሽም። ሌላ ምክንያት ይፈልጋል፤ ይዞም ይመጣል። እኔም እዚሁ ነኝ። የተቀማሁትን የማስተማር ሥራዬንም መጠየቄን አልተውኩም፤ በስብሰባው ሁሉ እጄን አነሣለሁ። እስከዚያው ጠዋት ጠዋት መስኮቱን እከፍታለሁ፤ አንድ እጅ ይዘረጋል፣ ሽርጡን ይወስዳል፣ ሌላ እጅ ይመጣል። አሁን እጆቹን እየለየኋቸው ነው። የሰይድ አውራ ጣት በማጭድ የተሰነጠቀ ነው። ትናንት ተሻለህ ወይ አልኩት፤ ከአፌ ሲወጣ ድምፁ የአንቺ መሰለኝ።

ሐምሌ ሲመጣ ሙት ዓመትሽ ነው። ፈቃድ አልጠይቅም። ጠረጴዛሽን ከኒሟ ሥር አወጣለሁ፣ ነጩን ጨርቅ እዘረጋለሁ፣ ትኩሱን ዳቦ ደርድሬ እገባለሁ። አሁን አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ በጨርቅ የታሰረው የባለቤቱ ነው፣ ያልታሰረው የአንቺ ነው። በየዓመቱ እንዲሁ አደርጋለሁ።

ጨውም አልረሳም።

ልጅሽ ጥሩወርቅ